አረም የሌለበት ድርቆሽ

በእኛ መንገድ ላይ ስለ ቲማቲም የሚጠይቅ ሰው ካለ የሚጠይቀው እኔን ነው። የማይጠይቀኝንም እነግረዋለሁ። ሚስቴ ጆይስ "ሩዲ፣ ሰውየው እኮ ደብዳቤውን ከሳጥን ሊያወጣ ነው የወጣው፣ ምክር ሊሰማ አይደለም" ትለኛለች፤ እኔ ግን ሰው ችግኝ ላይ ላዩን ሲተክል እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ቲማቲም እኮ ግንዱ እስከ ላይኛዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቀበራል፤ የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። ውሃ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳይነካ። ዝኩኒ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት እግር ይበቃል፤ ስድስት የተከለ ሰው በነሐሴ ዝኩኒ ይዞ ጎረቤት ሲያሳድድ ይውላል። ይኼን ሠላሳ ዓመት ስናገር ኖሬያለሁ፣ ሠላሳ ዓመትም ትክክል ነበርኩ። ዘንድሮ የደረሰብኝ ነገር ያንገበገበኝም ለዚህ ነው።

አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ቨርና ናት። ባሏ ጂን በጥር ሞተባት። ከጂን ጋር ባቡር ጥገናው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ተጣልተናል፣ ታርቀናል። ስለ ቲማቲም እኔን ይሰማ ነበር፤ ስለ ፎሶሊያ ግን ማንንም አይሰማም። እናቱ ከተራራው አገር ይዛው የመጣችው ዘር ነበረው፤ ረጅም እንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ዘሩ ጥቁር ሆኖ ወገቡ ላይ ነጭ ነቁጥ ያለው፣ ሱቅ ለሱቅ ብትዞሩ የማታገኙት። በየዓመቱ መጀመሪያ ያፈራውን አይለቅመውም፤ እንጨቱ ላይ እንዳለ ያደርቀውና ለዘር ያስቀረዋል። አምና ግን ታመመና ጓሮው ሳይዘራ ቀረ። ከካቻምናው የተረፈው ዘር የቡና ጣሳ ታች እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ቨርና ያንን ጣሳ ወጥ ቤቷ መስኮት ላይ አስቀምጣ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ስታየው ከረመች።

"ዘንድሮ ዘሩን መልሼ ካላገኘሁ አለቀ በቃ" አለችኝ በመጋቢት። "ጂንን ቀበርኩ፣ ሩዲ። የእናቱንም ዘር ደግሞ እንዳልቀብር።"

እኔ ሐዘንተኛ ማጽናናት አልችልበትም፣ አፌ ይያዛል። ፍግ ግን አውቃለሁ። ፒክ አፕ መኪናዬን አስነስቼ ፈረስ የሚያረባው ኤልዉድ ዘንድ ሄድኩና፣ በደንብ የበሰለ፣ ሽታው የጠፋ፣ ሲጨብጡት የሚፈረፈር የፈረስ ፋንድያ ሁለት ጊዜ ጭኜ መጣሁ። አንደኛውን ጭነት በቨርና መደቦች ላይ በገዛ እጄ በተንኩት። ከሌላው ለራሴ ጓሮ ያህል ወስጄ የቀረውን ከዕቃ ቤቴ ጀርባ ቆለልኩትና ለሰፈሩ ሁሉ "ሳትጠይቁኝ ውሰዱ!" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር ያልኩት።

ቨርና ከጣሳው ግማሹን በግንቦት ዘራች። ፎሶሊያ ፍግ አይፈልግም፣ ቅጠል ብቻ ይሆንብሻል ብያት ነበር፤ "ጂን ሁልጊዜ የሚዘራው እዚህ መደብ ላይ ነው" አለችኝና ተውኳት።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። "ሩዲ፣ ና እስቲ ይኼን እይልኝ። ውሃ አበዛሁበት መሰለኝ።"

ሄጄ አየሁ። ቲማቲሞቹ ጫፍ ጫፋቸው ተጠቅልሏል፤ አዲሱ ቅጠል ቀጥኖ ተሸብሽቧል። የጂን ፎሶሊያ ደግሞ ከመሬት አንድ ስንዝር ብሎ ቆሟል፣ ቅጠሉ ሁሉ ወደ ላይ ታጥፎ ማንኪያ መስሏል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሀዲዱ ዳር ፀረ-አረም ተረጭቶ ነፋስ ወደ ሰው ጓሮ የወሰደው ጊዜ።

"ይኼ ውሃ አይደለም" አልኳት። "ፀረ-አረም ነው የመታው።"

ሁለታችንም ዞር ብለን የትሬንትን ሣር አየን።

ትሬንት ከቨርና ቤት በወዲያኛው በኩል ያለው ጎረቤት ነው። የመብራት መስመር ሠራተኛ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው፣ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ሣሩን ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርባው ላይ የፀረ-አረም ታንክ አዝሎ፣ ሣሩ መሃል የሚበቅሉትን ቢጫ አበቦች አንድ በአንድ እያሳደደ ሲረጭ ታዩታላችሁ። እኔ ቢጫ አበባ የማይታይበት ሣር አይመቸኝም። እውነቱን ልናገር፣ ትሬንትንም ከመጀመሪያው አልወደድኩትም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

በሩን ደበደብኩት። "የረጨኸው ነገር የቨርናን ጓሮ ፈጀው!"

"እኔ?" አለ። እጁ ላይ የልጁን ጫማ ይዟል። "ሚስተር ሩዲ፣ ነፋስ እኮ አልነበረም። ሁልጊዜ አይቼ ነው የምረጨው…"

"አንተ ስትረጭ ነፋሱ አክብሮህ ይቆማል?"

"በእሷ አጥር በኩል ጭራሽ አልደረስኩም።"

"እንግዲያው ቅጠሉ ነው የሚዋሸው!"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እስቲ ልምጣና ልየው" ብሎ እግሩን ከደጃፉ ሲያወጣ፣ "ያደረግከው ይበቃል" አልኩት። "ጓሮዋ አጠገብ ድርሽ እንዳትል።"

በቨርና አጥር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ ጠረጴዛ አለ። ጓሮው ያተረፈለት ሰው የተረፈውን እዚያ ያስቀምጣል፣ የፈለገ ይወስዳል። ስም አይጻፍበትም፣ ግን ምኑ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሳምንት የትሬንት ሚስት አንድ ቅርጫት ሰላጣ አስቀመጠች። ማንም አልነካውም። ሁለት ሰው "የማን ነው?" ብሎ ጠይቆኝ፣ "የረጪዎቹ" ብዬ መልሻለሁ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ጠቆረና ትሬንት ራሱ መጥቶ ጠረገው። በመስኮት ሆኜ አየሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ቨርናን ደግሞ አይዞሽ አልኳት። "ገና ጊዜ አለ። የቀረውን ዘር አጥሩ ሥር፣ ፍግ ያልነካው ጠባቡ መደብ ላይ ዝሪው። መሬቱ ሞቋል፣ በሳምንት ይበቅላል፣ እስከ መስከረም መጨረሻ የደረቀ ዘር ይሰጥሻል።"

"ሁሉንም ልዝራው?"

"ሁሉንም። ዘር እያረጀ ሲሄድ ይደክማል። ለከርሞ ብታስቀምጪው ግማሹም አይበቅል።"

ጣሳውን ገልብጣ ሃያ ሁለት ጉድጓድ ውስጥ ጨመረችው። ባዶውን ጣሳ አጥባ ደፋችው። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የቀረው የጂን ፎሶሊያ ያ አጥሩ ሥር ያለው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን በትሬንት ቤት በኩል አለፍኩ። ምን ፈልጌ እንደሆነ እንጃ፤ ታንኩን አዝሎ ባገኘው ሌላ የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ታንኩን አላየሁም። ደረጃው ላይ አንድ የሸክላ ማሰሮ አየሁ፤ የልጁ ቲማቲም። ሣሩ ጫፍ ላይ፣ ከተረጨው ቦታ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ቅጠሉ እጅ ያህላል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንድም የታጠፈ የለበትም፣ አበባ አውጥቷል።

እግሬ ቆመ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ የራሴን ጓሮ ዞርኩ። ቲማቲሞቼ እንደ ቨርናዎቹ ተጠቅልለዋል፤ እሱንም በትሬንት ነበር ያሳበብኩት። በቆሎዬ ግን፣ ያው ፋንድያ የተደረገበት በቆሎዬ፣ ደረቴ ድረስ ደርሶ ያምራል። በቆሎ የሣር ዘር ነው። ሣርን የማይነካ፣ ሌላውን ሁሉ የሚያሽመደምድ ነገር ምንድነው? እየሮጥኩ ገብቼ ኤልዉድ ጋ ደወልኩ።

"ኤልዉድ፣ የሰጠኸኝን ፋንድያ የጣሉት ፈረሶች ምን በልተው ነበር?"

"ድርቆሽ ነዋ! ምን ሊበሉ፣ ኬክ?"

"የራስህን ድርቆሽ?"

"የእኔማ በዝናብ በሰበሰ። ወንዙ ማዶ ካለ ሰውዬ ገዛሁ። እንዴት ያለ ድርቆሽ መሰለህ፣ ሩዲ! ንጹሕ! አንዲት አረም ብትፈልግ አታገኝበትም።"

ስልኩን ዘጋሁት። የግጦሽ መሬት ላይ የሚረጭ ፀረ-አረም አለ። ሣሩን ምንም አይለውም፣ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ይገድላል። ፈረስ ድርቆሹን ይበላል፣ ፈረሱ ደህና ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሆዱ አልፎ በፋንድያው ይወጣል፣ ፋንድያው ሲበስልም አብሮት ይቆያል። ይኼን ከዓመታት በፊት ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር መስሎኝ ገጹን ገለጥኩት።

የምታደርጉት ቀላል ነው፤ ከማታውቁት ቦታ ፍግ ስታመጡ ከመበተናችሁ በፊት አድርጉት። ስድስት ኩባያ ታስቀምጣላችሁ። ሦስቱ ውስጥ ፍጉን ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ቀላቅላችሁ፣ ሦስቱ ውስጥ ንጹሕ አፈር ብቻ። የአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሳህን ከሥሩ። ከዚያ በየኩባያው ሦስት ሦስት የፎሶሊያ ዘር ዘርታችሁ፣ ሦስተኛው ቅጠል እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ሁለት ሳምንት ነው። እኔ ሩዲ፣ ሰውን ሁሉ የምመክረው፣ በመጋቢት ይኼን ብሠራ ምን ነበረበት? ኤዲያ! ፋንድያ አይቼ አውቃለሁ አልኩ። ሸትቼ፣ ጨብጬ፣ አወቅሁ አልኩ።

የሱቅ ፎሶሊያ ዘርቼ ኩባያዎቹን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬ አላርፍ አለ። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ጋዜጣ እዘረጋለሁ፣ አጥፈዋለሁ። ዕቃ ቤት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ይጠፋኛል። ቨርና በአጥሩ ላይ ስትጣራ ስልክ የያዝኩ እመስላለሁ።

"እያየኸው አያድግም" አለችኝ ጆይስ።

"እያየሁት አይደለም።"

"ወንበር አምጥተህ ፊቱ ተቀምጠሃል እኮ፣ የኔ ጌታ።"

በአምስተኛው ቀን ሰሃን እያጠበች ዞር አለችና፣ "ትሬንት አይደለም አይደል?" አለችኝ። ጆይስ ሞኝ አይደለችም።

"ገና አልታወቀም። ሙከራው ይለቅ።"

"እሺ አልታወቀም። 'አልታወቀም' ብለህ ለመንገር ምን ያዘህ? ልጁን ሌባ እንዳስመሰልከው ይኖራል?"

"ሌባ አላልኩትም!"

"ሰላጣውንስ?"

የበር ማጠፊያ ዘይት ልቀባ ብዬ ወጣሁ። የበሩ ማጠፊያ ምንም አልሆነም ነበር።

ዘሩ በሰባተኛው ቀን በቀለ። ስድስቱም አንድ ዓይነት፣ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ። ልቤ ዘለለ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። "አየሽ! አየሽ!" አልኩ። ጆይስ መነጽሯን አድርጋ አየችና "ሦስተኛው ቅጠል አላልክም?" ብላ ሄደች። ሦስተኛው ቅጠል ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ንጹሑ አፈር ውስጥ ያሉት ቅጠላቸውን እንደ መዳፍ ዘርግተዋል። ፍጉ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ታጥፈው ማንኪያ ሆነዋል።

ጆይስ ከኋላዬ መጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ዛሬ ትነግራታለህ።"

"ዛሬ እነግራታለሁ።"

ረቡዕ የቨርና እህት መጥታ ነበር፤ ሰው ፊት አይሆንም አልኩ። ሐሙስ ሄድኩ። ቨርና ገና ከበሩ ሳታስገባኝ እጄን ይዛ አጥሩ ሥር ወሰደችኝ። ሃያ ሁለቱም በቅለዋል። ቅጠላቸው የተዘረጋ፣ ሐረጋቸው እንጨቱን ፈልጎ መጠምጠም የጀመረ። ከጂን ቀብር ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

"አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር፣ ሩዲ?" አለችኝ። ሎሚናት ቀድታ አመጣችልኝ።

በሉ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አንድ ብርጭቆ ሎሚናት ጠጣሁ። ስለ አየሩ አወራሁ። "እንጨቱን አጥብቀሽ ትከዪው" ብያት ወጣሁ። በጓሮ በኩል ስገባ ጆይስ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፊቴን አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

አርብ አልሄድኩም። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል አልኩ። ሰኞ ጥርሴን አመመኝ። ማክሰኞ ጥርሴ ተሻለኝ፣ እኔ ግን ከቤት አልወጣሁም። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አያልቅም ነበር፤ ፎሶሊያው ደህና ነው፣ ንጹሕ አፈር ላይ ነው፣ ማን ምን ይጎዳል? ትሬንት እንደሆነ ወጣት ነው፣ ይችለዋል። ዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቁልል ሸራ ላለብሰው ተነሳሁና ሸራውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ካለበስኩት "ለምን?" የሚል ይመጣል። ሸራውን መልሼ ሰቀልኩት። ይኼን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ ነው የሆነው።

በሁለተኛው አርብ ትሬንት ራሱ በሬን አንኳኳ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"ሚስተር ሩዲ፣ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።" ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ቃል ያን ቀን ተናገረው። "ለቨርና ምን ባደርግላት ነው የምክሳት? መርጨቱን ትቻለሁ። ባለሙያ ጠይቄ ነበር፤ በዚያ ርቀት፣ ያለ ነፋስ፣ የማይመስል ነገር ነው አሉኝ። ግን እርስዎ አይተው ካሉ… እርስዎ ያውቃሉ።"

አሁን ነው፣ አልኩ በሆዴ። አሁን ተናገር፣ አንተ ሽማግሌ። ምላሴ ላይ ነበር። እሱም ዓይን ዓይኔን ያያል።

"ተወው በቃ" አልኩት። "ጊዜ ያበርደዋል።"

"አይ፣ ዝም ብዬስ አልቀመጥም" አለ። "አንድ ነገር አደርግላታለሁ።"

በሩን ዘጋሁት። ከበሩ ኋላ ቆሜ እግሩ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ። ጆይስን "ነገ እህቴ ጋ ሐይቁ ዳር እንሂድ፣ አድረን እንመጣለን" አልኳት።

"ሽሽት ነው ይኼ" አለች።

"ዓሣ ላጠምድ ነው።"

"መንጠቆውን የት እንዳስቀመጥከው እንኳ አታውቅም።"

ሄድን። ቅዳሜን ሙሉ ሐይቁ ዳር ስንጎራደድ ዋልኩ፤ እህቴ "ተቀመጥ፣ አዞርከኝ!" እስክትለኝ ድረስ። ማታውን ዝናብ ጣለ፣ እንዴት ያለ ዝናብ፣ ጣሪያው ይሰነጠቃል ያስብል ነበር። እሁድ ቀትር ላይ ቤታችን ደረስን። ዕቃ ማውረድ ጀምሬ እንዲያው ዓይኔ ወደ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄደ።

ቁልሉ ጎድሏል። አንድ ጎኑ በአካፋ ተዝቋል፤ እርጥቡ መሬት ላይ ደግሞ የእጅ ጋሪ ጎማ ዱካ አለ፣ አንድ ሳይሆን ደጋግሞ የሄደ፣ በቀጥታ ወደ ቨርና ጓሮ። ሻንጣውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። አካፋ ከዕቃ ቤት አነሳሁና ሮጥኩ። በሰባ አንድ ዓመቴ እንዲያ እሮጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትሬንትና ቨርና አጥሩ ሥር ቆመዋል። የጂን ፎሶሊያ ወገብ ደርሷል። ከሥሩ ግን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ጥቁር ፋንድያ፣ ዝናብ ጠጥቶ ያብረቀርቃል።

"ሚስተር ሩዲ!" አለ ትሬንት። ከሰኔ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ጥርሱን ያየሁት። "ከእርስዎ ቁልል ነው። ሳትጠይቁ ውሰዱ ብለው ነበር አይደል? ትናንት ጠዋት በርዎን አንኳኩቼ አጣሁዎት። አምስት ጋሪ ሙሉ አደረግኩላት!"

"ይቅር በይኝ ብሎ መጣ" አለች ቨርና፣ ክንዱን እየነካች። "ምን እላለሁ፣ ሰው ነው።"

"ከዝናቡ በፊት መድረሴ ጥሩ ሆነ" አለ ትሬንት። "ደህና አድርጎ ሰርጓል።"

"አንሱት!" አልኩ። ድምፄ ሌላ ሰው የጮኸ መሰለኝ። "አሁኑኑ አንሱት! ፍጉ ነው። ትሬንት አይደለም፣ ፍጉ ነው የፈጀው። ፈረሶቹ የበሉት ድርቆሽ ተረጭቶ ነበር። ቲማቲሙንም፣ ያኛውንም ፎሶሊያ፣ እኔ ያመጣሁት ፍግ ነው የፈጀው።"

ትሬንት እጁን አየ። አምስት ጋሪ ያነሳበትን እጁን። ከዚያ መሬቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ከግንዶቹ ሥር በጣቱ ይዝቅ ጀመር። እኔም በአካፋው ከዳር ዳር ጀመርኩ። ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከአፈሩ ጋር ተላቁጧል፣ የትኛው ፍግ የትኛው አፈር እንደሆነ አይለይም። ኋላ እንደታየው ከሃያ ሁለቱ የተረፈው ስድስት እግር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን አናውቅም፤ ሁሉንም የምናድን ይመስል ነበር የምንዝቀው።

ቨርና ቆማለች። "እርግጠኛ ነህ?" አለች።

"ኩባያ ውስጥ ዘርቼ ሞክሬዋለሁ።"

"መቼ?"

አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰካሁት። "ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ እስኪበቅል…"

"ውጤቱን ያየኸው መቼ ነው፣ ሩዲ?"

"ረቡዕ።"

"ይኼ ያለፈው ረቡዕ?"

"አይ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን።"

የትሬንት እጅ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። "አርብ በርዎ ላይ ስመጣ…"

"አውቅ ነበር።"

ቢሰድበኝ፣ አካፋውን ነጥቆ ቢያባርረኝ፣ ምንኛ በተገላገልኩ። አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቨርና ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። በጣቶቿ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

"ሐሙስ ዕለት እዚህ ቆመህ ነበር" አለች። "እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት። ሎሚናት ሰጠሁህ።"

"አዎ።"

"ቅጠሉን በእጅህ ነካኸው።"

"ቨርና፣ ልነግርሽ ነበር፤ ያን ቀን ስትስቂ አይቼ…"

"ፍጉን ይቅር እልሃለሁ" አለች። አልጮኸችም። "ፍጉን ያመጣኸው ለእኔ ብለህ ነው፤ አላወቅክም። ጂንም ቢሆን ይሳሳት ነበር። አሥራ አንዱን ቀን ግን ምን ላድርገው፣ ሩዲ? ትናንት ጠዋት እኮ አሥረኛው ነበር።"

ምን ልበል? አፈር ልብላ እንጂ ምን እላለሁ።

"አካፋውን ለትሬንት ስጠውና ወደ ቤትህ ሂድ።"

"ሥሩ እንዳይነካ፣ ቀስ ብላችሁ…"

"ሂድ አልኩህ።"

አካፋውን ለትሬንት ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ቨርና ከጎኑ ተንበረከከችና በባዶ እጇ ትዝቅ ጀመር። እኔም በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።